መርፌ ያልተሰማው እግር

ይህን የምጽፈው በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ካርድ ይዛችሁ ተራ ለምትጠብቁ፣ በተለይም ስኳር አለባችሁ ተብላችሁ ገና ላላመናችሁ ነው። ጻፍ ያለችኝ የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር አስቴር ናት። እሷ ስትናገር ሰው ቁጣ ይመስለዋል፤ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብላ ነው። ጸሐፊ አይደለሁም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጀማል እባላለሁ። አሰላ ገበያ አጠገብ፣ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ መሥራት ከጀመርኩ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ጠባዬን አስቀድሜ ልናገር፤ ከበሽታው ይልቅ ያስቸገረኝ እሱ ነውና። መቀመጥ አልችልም። ልብስ ሰፊ ሆኖ መቀመጥ የማይችል ሰው ያስቃል፣ አውቃለሁ። ኮሌታ ጀምሬ እነሳለሁ፣ ገበያውን አንድ ዙር ዞሬ እመለሳለሁ። ሳጉሬ ገበያ በሚውልበት ቀን ሳጉሬ፣ አቦምሳ በሚውልበት ቀን አቦምሳ እገኛለሁ። አንድ ቦታ ረግቼ ከዋልኩ ደረቴ ይጨነቃል።

ነገሩ በውኃ ጥም ጀመረ። የተሰፋ ሱሪና ቀሚስ ይዤ አቦምሳ ወርጄ ነበርና ቆላው ነው አልኩ። አሰላ ብርዱ ውስጥ ተመልሼም ጥሙ አልለቀቀኝም። አንዱን ጆግ ጨርሼ ሳላስቀምጥ ሌላ እጠይቃለሁ። ሽንት ያጣድፈኛል፤ ደንበኛ እየለካሁ ሜትሩን አንገቱ ላይ ትቼ የሮጥኩበት ቀን አለ። ሰውነቴ ሟሸሸ። የራሴን ሱሪ ሁለት ጊዜ አጠበብኩ። አንድ ክሊኒክ የከፈተ ድሬሰር ኩላሊትህን ብርድ መቶት ነው ብሎ መርፌ ወጋኝ። ሌላው ከቆላ ወባ ይዘህ መጥተሃል ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ጎረቤቶች ደሙ አልቋል፣ ጣፋጭ ይብላ አሉ። እኔም እበረታ ብዬ አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር እጨምር ጀመር። በሽታዬን በማንኪያ አጎርሰው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ከዚያ እግሬን ጀመረኝ። በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ውስጥ እግሬ ይለበልበኛል፤ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ይመስለኛል። ብርድ ልብሱ ሲነካው አልችልም። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ማቃጠሉ ተወኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ አልኩ። ለባለቤቴ ለከዲጃም ዳንኩ አልኳት። እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። እግሬ አልዳነም፤ ዝም ነው ያለው።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ተመልሼ ጫማዬን አውልቄ ስገባ ከዲጃ ምን ረገጥክ አለችኝ። ዞር ስል ከበሩ እስከ መደቡ ድረስ ምንጣፉ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። አስቀምጣ እግሬን ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ከትንሿ ጣት ሥር፣ ሥጋው ውስጥ አንድ ነገር ያብለጨልጫል። በወረንጦ ስትስበው ዓይኗ እኔ ፊት ላይ ነበር። የስፌት መኪና መርፌ ስባሪ ነው። ያን መርፌ የሰበርኩት ማክሰኞ ዕለት ነበር። አዲሱ የስንዴ ዘር ከመጣ ወዲህ ያተረፈ ገበሬ ሁሉ ኮት ያሰፋ ነበርና፣ የአንዱን ወፍራም ኮት ስሰፋ ነው የተሰበረው። ስባሪውን ፈልጌ አጣሁት፤ ተውኩት። ለካስ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። አራት ቀን ሙሉ የመኪናውን መርገጫ ስረግጥ እሱንም እረግጥ ነበር።

ከዲጃ ነቅላው ስታበቃ ‹‹አላመመህም?›› አለችኝ። አላመመኝም። ከመርፌው ይልቅ ያ አስደነገጠን። በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ እግሬን እያጠብኩ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ውኃ አፈስበታለሁ፣ እሄዳለሁ።

ከዲጃ ቁስሉን በየቀኑ በጨው ውኃ ታጥብልኛለች፣ እኔ ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። በሁለት ሳምንት ጣቷ አበጠች፤ አጠገቧ ያለችውም ጣት ጠቆረች። ሽታ መጣ። አንድ ሌላ ድሬሰር ዘንድ ሄድኩ። ዓይኔን አስጨፍኖ በመርፌ ጫፍ እየነካካ የት ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዱንም መናገር አልቻልኩም። ዓይኔን ስገልጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ነበር። ቁምጥና ነው አለኝ። ሻሸመኔ ሂድ፣ እዚያ ያክሙሃል፤ እዚህ ግን ሰው ይሸሽብኛልና ተመልሰህ አትምጣ አለኝ።

ለማን እንደነገረ አላውቅም። በማግስቱ አንዷ ደንበኛዬ ለልጇ ቀሚስ የሰጠችኝን ጨርቅ ሳይቆረጥ መልስልኝ ብላ መጣች። በእጇ አልተቀበለችኝም፤ ዘንቢሏን ከፍታ እዚያ ውስጥ አስጣለችኝ። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሦስት ሰዎች ጨርቃቸውን ሊወስዱ መጡ። የበረንዳው ባለቤት ለዐሥራ አራት ዓመት ጎረቤቴ የሆነ ሰው ነው፤ ዓይኔን ሳያይ መኪናዬን ለጥቂት ቀን ወደ ቤት ባስገባው እንደሚሻል ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ እውል ነበር። በዚያው በበሰበሰው እግር።

በሦስተኛው ቀን የከዲጃ ታላቅ ወንድም ሐሰን ከሳጉሬ መጣ። እህል ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ደጃፉ ላይ ቆሞ በኦሮምኛ ለእህቱ ብቻ ተናገረ፤ ቋንቋው የእኔም እንዳልሆነ ሁሉ። ልብሷን ሰብስባ፣ የአራት ዓመቷን ልጃችንን ይዛ እንድትከተለው ነው የሚላት። ያደረገው ልክ ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ሂጂ አልኳት። ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ።

ከዲጃ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ለወንድሟ እንዲህ አለችው። ‹‹ይህን እግር ሁለት ሳምንት ሙሉ ያጠብኩት እኔ ነኝ። የሚይዝ ከሆነ ይዞኛል። አንድ ቀን ስጠኝ። ነገ ሆስፒታል ወስጄው እነሱም ይህንኑ ካሉ፣ ራሴ ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ።››

ሐሰን አንድ ቀን ሰጣት።

ጎሕ ሳይቀድ ሆስፒታል ሄደን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ሞቅ ስትል የእግሬ ሽታ ተነሣ። በግራዬ የነበረው ሰው ተነሥቶ ቆመ። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ተከተሉት። አግዳሚው ባዶ ሆነና እኔና ከዲጃ አንድ ጫፍ ላይ፣ አንዲት ዓይናቸውን ሊታከሙ የመጡ አሮጊት ሌላው ጫፍ ላይ ቀረን። አሮጊቷ እየተንፏቀቁ ወደ እኔ ቀረቡ። እንዲርቁልኝ ስለምናቸው ‹‹ተቀመጥ ልጄ፤ የእኔ አፍንጫ ካረጀ ቆይቷል›› አሉኝ። እስከ ተራዬ ድረስ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩልኝ ቆዩ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም፤ ይቆጨኛል።

ሲስተር አስቴር እግሬን ከማየቷ በፊት የጠየቀችኝ ስለ ውኃ ነው። በቀን ስንት ትጠጣለህ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሣለህ፣ ሱሪህ ሰፍቶሃል ወይ አለችኝ። ሁለት ጊዜ እንዳጠበብኩት ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ሽንቴን በብልቃጥ ተቀበለች። ሰማያዊ ፈሳሽ ባለባት የመስታወት ቱቦ ላይ ጠብ ጠብ አድርጋ በስፒሪት መብራት ላይ አፈላችው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ሸክላ ቀላ።

‹‹ቁምጥና አይደለም›› አለች። ‹‹ስኳር ነው።››

ሳቅሁ። ከዲጃ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፣ እኔ እስቃለሁ። ቁምጥና አለመሆኑን ለሰው ሁሉ ልናገር ወደ በሩ ተነሣሁ። ሲስተር አስቴር አልሳቀችም። ‹‹ተቀመጥ፤ እግርህን ገና አላየንልህም›› አለችኝ።

እንዳስረዳችኝ ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ስሜት የሚያደርሱትን ነርቮች ይገድላቸዋል፤ ከሁሉ በፊት የእግርን። ደም ወደ እግር የሚወርድበትንም መንገድ ያጠባል። ስለዚህ እግር ይቆስላል፣ አይናገርም፤ ቁስሉ ቢታይለትም ቶሎ አይድንም። ሐኪሙ መጥቶ ሁለቱ ጣቶች እንደማይተርፉ ነገረኝ። መበስበሱ ወደ ላይ ከወጣ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። በሳምንት ውስጥ ይታወቃል፤ እስከዚያ እግሬ ከትራሱ ላይ አይውረድ።

የእኔ መከራ ያኔ ጀመረ። በመስኮቱ ጭላሎ ይታየኛል፤ ደመናው ጫፉ ላይ ይወጣል ይወርዳል፣ እኔ ግን አልነቃነቅም። የጣሪያውን ጣውላ ቆጥሬ ጨረስኩ። በየሰዓቱ እግሬን ገልጬ የቅላቱ መስመር ከፍ ማለቱን አለማለቱን አያለሁ። አረፋ ደርሶ ነበር። ቁምጥና አለመሆኑ ከተሰማ ወዲህ ጨርቃቸውን መልሰው ያመጡልኝ ሰዎች ነበሩ፤ ተቆርጦ ያልተሰፋው ልብስ ዓይኔ ላይ ይመጣል። በአምስተኛው ቀን አልቻልኩም። ምሳ ሲታደል ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፣ ቤቴ ገባሁ። ከዲጃ ገበያ ሄዳለች። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አንድ ሱሪ ጨረስኩ፣ ሌላም ጀመርኩ፤ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ልነሣ ስል ጫማዬ በደምና በመግል ርሶ አየሁት። ጥዬው ወደወጣሁት የሆስፒታል አልጋ የመለሰኝ የጎረቤት ጋሪ ነው።

ሲስተር አስቴር ቁስሉን አጥባ አሰረችው። የተናገሩኝ ከጎኔ ባለው አልጋ የተኙት ጋሼ ደምሴ ናቸው። ከፍርድ ቤት በጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው፤ እሳቸውም ስኳር አለባቸው። ቀኝ እግራቸው ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን የገቡት ለግራው ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ሳልጠይቅ ነገሩኝ። በክረምቱ ብርድ የቀረውን እግራቸውን ከሰል ምድጃው ላይ ዘርግተው ጋዜጣ ያነቡ ነበር።

‹‹ሽታው ነው የነገረኝ፣ እግሬ አይደለም›› አሉ። ቀጥለውም ‹‹ጀማል፣ አንተ የምትቸኩልበት ቦታ ሁሉ በእግር የሚኬድ ነው›› አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለዐሥራ ዘጠኝ ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ጥርሴን ነክሼ ተኛሁ እንጂ ሰላም አገኘሁ አልልም። ሁለቱ ጣቶቼ ተቆረጡ። መስመሩ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ደርሶ ቆመ፤ እግሬ ተረፈ። ጋሼ ደምሴ ግን ሁለተኛውንም አጡ።

ጣቶቼ በተቆረጡ ዕለት ሐሰን ከሳጉሬ መጣ። ጣቶቹ የት እንደሚሄዱ ጠየቀ። የሰው አካል እንደ ጥራጊ አይጣልም፤ ስጡኝ አለ። ሲስተር አስቴር በአቡጀዲ ጠቅልላ ሰጠችው፣ ይዞ ወጣ። ሲመለስ እጁ ላይ አፈር ነበር። ታጥቦ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩበትም። ‹‹ከአባትህ መቃብር ጎን ነው፣ ከራስጌው በኩል›› አለኝ።

እንግዲህ ቤት ከገባሁ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ሲስተር አስቴር ይህን ሳትጽፍ እንዳትመጣ ብላኛለች። ጠዋት ጠዋት እግሬን አያለሁ። ውስጥ እግሬ አይታየኝምና ጢም የምላጭበትን መስታወት መሬት ላይ አስቀምጬ ከላይ እዘረጋለሁ። መቅላት፣ መላጥ፣ ውኃ መቋጠር፣ መሰንጠቅ እፈልጋለሁ። መስታወት የሌላችሁ ቤተሰብ ይይላችሁ። የምታጠብበት ውኃ ለብ ያለ ነው፤ ሙቀቱን ከዲጃ በክርኗ ትለካለች፤ በእግር አይለካም፣ እግር ይዋሻል። ከውዱእ በኋላ የጣቶቼን መካከል በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ፤ እርጥበት እዚያ ውስጥ ሥጋ ያነቅዛል። ተረከዜ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ በጣቶቼ መካከል ግን አልቀባም። ጥፍሬን ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ጥጉን አልቦረቡርም። የደነደነ ቆዳ በምላጭ የሚልጥላችሁ ሰው ካለ ምላጩን ቀሙት። ጫማ ከማድረጌ በፊት ገልብጬ አራግፋለሁ፣ እጄን አስገብቼ እዳስሳለሁ። አንድ ጊዜ ጠጠር፣ አንድ ጊዜ የልጄን ቀሚስ ቁልፍ አግኝቻለሁ። በባዶ እግር ቤት ውስጥም አልሄድም። መስጊድ ስገባ ወፍራም ካልሲ አደርጋለሁ። እሳት አልሞቅም፣ አሰላ ክረምት ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ጫማ ሰፊው ለሁለቱ ጣቶቼ ቦታ ጥጥ አድርጎ ሰፊ ጫማ ሠራልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነው የተለካሁት፣ እግር ማታ ማታ ያብጣልና። የስኳሩን መድኃኒት በየጠዋቱ ከዲጃ ትወጋኛለች፤ መርፌውን ቀቅላ ነው። ረመዷን ላይ ሸኻችን አትጹም፣ ድሃ አብላ አሉኝ። ከሁሉ ያ ከበደኝ።

የስፌት መኪናውንም ከዲጃ ተረከበችኝ። የማይሰማ እግር መርገጫ ላይ ሲውል አያምርም። እኔ እለካለሁ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። መጀመሪያ የሴት ስፌት ያሉ ነበሩ። አሁን ኮት ይዞ የሚመጣው ገበሬ የሚጠይቀው እሷን ነው፤ ስፌቷ ከእኔ ይጠብቃል። ይህንንም እየቆመጠጠኝ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ይቀራል። ሲስተር አስቴር ጻፈው አላለችም፤ እኔ ነኝ የምጽፈው።

ባለፈው በጋ አንዲት ሴት ከአርቦዬ መጣች። አስካለ ትባላለች። ቆማጣ ነው ተብሎ ያልሆነ ልብስ ሰፊ አሰላ አለ ሲባል ሰምታ ነው የመጣችው። ባሏ ተሰማ ሁለት ዓመት ሙሉ ከከብቶቹ በረት ጀርባ በተሠራች ጎጆ ለብቻው ይኖራል። እግሩ ቁስል በቁስል ነው፣ አይሰማውም። ሰምቼ ሳልጨርስ ተነሣሁ። በማግስቱ በሎንቺና አውቶቡስ አርቦዬ ወረድኩ። እግሩን አየሁ፤ የእኔው እግር ነው። ስኳር ነው አልኩ። ለወንድሞቹ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሰማ ሁሉ ስኳር ነው እያልኩ ተናገርኩ። አስካለ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። ተሰማ ውኃ እንደማይጠማው ነግሮኝ ነበር። ሰማሁት፤ ግን አልፌው ሄድኩ። መቼስ እኔ ቸኳይ ነኝ።

በሎንቺናው ጎን ለጎን ተቀምጠን አሰላ ገባን። ሲስተር አስቴር ሽንቱን ከፈሳሹ ጋር አፈላችው። ሰማያዊ ነበር። እንደገና አፈላችው፤ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሸሚዙን አስወልቃ ጀርባው ላይ ነጣ ያሉ ቦታዎችን በጥጥ ነካካች፣ ክርኑን በጣቶቿ ዳሰሰች። ከዚያ ለእኔ ስኳር ነው ባለችበት በዚያው ድምፅ የሥጋ ደዌ ነው አለችው። ክኒን አለው፣ ሳያቋርጥ ከወሰደ ይድናል፤ አስካለን ይይዛታል ብሎ መደበቅም አይገባውም አለችው።

ጣቶቼ ያደረጉትን ልንገራችሁ። መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። ሳላስብ ነው። ከአርቦዬ እስከ አሰላ እጁን ይዤ የመጣሁ ሰው፣ ዘንቢል ከፍተው ጨርቃቸውን ያስጣሉኝን ሰዎች እስከ ዛሬ የምቀየም ሰው፣ ያን አደረግሁ። ተሰማ አየኝ።

‹‹ግድ የለም›› አለኝ፤ ‹‹ለምጄዋለሁ።››

ወደ በሩ አየሁ። መውጣት ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። ሲስተር አስቴር ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አምጥታ መካከላችን አስቀመጠች። የእግሩ ነገር ለሁለታችሁም አንድ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ አሳየው ብላኝ ወደሌላ በሽተኛ ሄደች። ሳፋው ይተናል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ውኃውን በክርኔ ለካሁ፣ እግሩን አጠብኩ፣ አንሥቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። በጨርቅ አንዱን ጣት ከሌላው እየለየሁ፣ መካከሉን ማድረቅ ጀመርኩ። ጎንበስ ብሎ እጄን ይከታተላል።

‹‹ይሰማሃል?›› አልኩት።

‹‹አይሰማኝም›› አለ። ‹‹አያለሁ ግን።››